የተግሣጿን መልእክት የጠበቀች ቤተ ክርስቲያን

ስለ ቆሮንቶስ ምእመናን የተጻፈ ታሪክ፤ ከ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11 እና ምዕራፍ 13 ጋራ የሚነበብ።

የሐዋርያው የቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት በቤተ ክርስቲያን ሲነበቡ የሚሰማ ብዙ ነው። መልእክቶቹን በመጀመሪያ የተቀበሉት ሰዎች እነማን እንደ ነበሩ፥ ከተቀበሉም በኋላ ምን እንዳደረጉ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህን መጠየቅ ይገባል። ስለ ምን ቢሉ፥ ፍቅርና ትሕትና ትዕግሥትም በቃል ሲነገሩ ሁሉ ይወዳቸዋል፤ በአንድ አጥቢያ ውስጥ፥ በአንድ ማዕድና በአንድ ሙዳየ ምጽዋት ዙሪያ ሲፈተኑ ግን እውነተኛ ዋጋቸው ይታወቃል።

ስለዚህ ለአንባቢ የአንዲቱን አጥቢያ ታሪክ እናቀርባለን፤ ይህችውም የቆሮንቶስ ቤተ ክርስቲያን ናት። የእርስዋ ታሪክ ይልቁን የሚጠቅምበት ምክንያት፥ መቶ ሃያ ዓመት በሚያህል ዘመን ውስጥ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ የምናገኛት መሆኑ ነው፤ በመጀመሪያ በጳውሎስ መልእክቶች፥ ሁለተኛ ከሮሜ በተላከላት በቀሌምንጦስ መልእክት፥ ሦስተኛም በራስዋ ኤጲስ ቆጶስ በዲዮናስዮስ ደብዳቤ። በእነዚህ በሦስቱ የአንዲቱ ቤተ ክርስቲያን መውደቅና መነሣት ይታያል። ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ስለ ከተማዪቱ

ቆሮንቶስ በግሪክ አገር፥ ሰሜኑን ምድር ከደቡቡ ጋራ በሚያያይዝ ጠባብ የብስ አጠገብ የተሠራች ከተማ ናት። የየብሱ ስፋት ከባሕር እስከ ባሕር 6 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከተማዪቱ ሁለት ወደብ ነበራት፤ በምዕራብ ሌካዮን፥ በምሥራቅ ክንክራኦስ ይባላሉ። ነጋዴዎች በደቡብ በኩል ያለውን ማዕበለኛ ባሕር ከመዞር ይልቅ ዕቃቸውን በአንዱ ወደብ አራግፈው በየብስ ወደ ሌላው ያሻግሩ ነበር። ታናናሽ መርከቦችም በድንጋይ በተነጠፈ መንገድ ላይ እየተጐተቱ ከባሕር ወደ ባሕር ይተላለፉ ነበር። ዛሬ መርከብ የሚያልፍበት ቦይ ተቈፍሮ የተፈጸመው በ1893 ነው።

የቀድሞዪቱን ቆሮንቶስ ሙምዮስ የተባለ የሮሜ ጦር አለቃ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ146 ዓመት አፈረሳት። መቶ ዓመት ያህል ፍርስራሽ ሆና ከቈየች በኋላ፥ ከልደት በፊት በ44 ዓመት ዩልዮስ ቄሣር እንደ ገና እንድትሠራ አደረገ፤ ከሰፈሩባትም ሰዎች ብዙዎቹ ከባርነት ነፃ የወጡ ነበሩ። ንግዱ እየበዛ ሲሄድ ከየአገሩ ሰው ተሰበሰበባት፤ ግሪካዊ፥ ሮማዊ፥ አይሁዳዊ፥ ሶርያዊ በአንድ ገበያ ይገናኝ ነበር። እንዲህ ባለች አዲስ ከተማ ሰው ክብሩን በአባቱ ስም ማግኘት ባይችል በገንዘቡ፥ በአነጋገሩ፥ በደጋፊዎቹም ብዛት ይፈልገው ነበር። በ1929 በከተማዪቱ ፍርስራሽ ውስጥ አንድ የድንጋይ ጽሕፈት ተገኝቷል፤ ኤርስጦስ የተባለ ሰው ስለ ተቀበለው ሹመት አደባባዩን በራሱ ገንዘብ እንዳስነጠፈ ይናገራል። ይህ ሰው በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 16 የተጠቀሰው የከተማው መጋቢ ኤርስጦስ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ አይደለም የሚሉም አሉ። የሆነ ሆኖ ድንጋዩ የከተማዪቱን ጠባይ ያሳያል፤ የሠራ ሰው ስሙን በድንጋይ ላይ አስቀርጾ ሕዝብ ሁሉ እንዲረግጠውና እንዲያነበው ያደርግ ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ጠባይ ልብ በል። በቆሮንቶስ ቤተ ክርስቲያን የተነሣው ነውጥ ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ ከገበያው ወደ ጉባኤው ተከትሎ የገባ ነው።

ቤተ ክርስቲያኒቱ እንደ ተተከለች

ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ የመጣው በ50 ዓመት ገደማ ነው። በዚያም አቂላንና ሚስቱን ጵርስቅላን አገኘ፤ እነርሱም ቄሣር ቀላውዴዎስ አይሁድ ከሮሜ እንዲወጡ ባዘዘ ጊዜ የመጡ ነበሩ። ሥራቸው ድንኳን መስፋት ነበርና፥ ጳውሎስም በዚሁ ሥራ የሚተዳደር ስለ ሆነ፥ አብሯቸው ተቀምጦ ይሠራ ነበር። በከተማዪቱ ዓመት ከስድስት ወር አስተማረ። የምኵራብ አለቃ የነበረው ቀርስጶስ ከቤተ ሰዎቹ ጋራ አመነ፤ ከአሕዛብም ብዙዎች ተጠመቁ። ተቃዋሚዎቹም በአገረ ገዢው በጋልዮስ ፊት ከሰሱት፤ ጋልዮስ ግን ክሱን ሳይቀበል መለሳቸው፤ ታሪኩ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ተጽፏል። በዴልፊ የተገኘው የድንጋይ ጽሕፈት የጋልዮስን ስም ስለሚጠራ፥ ሊቃውንት በእርሱ መሠረት የሹመቱ ዘመን 51 እስከ 52 እንደ ነበረ ይቈጥራሉ። ስለ ጳውሎስ ሕይወት ከሚታወቁት ዓመቶች ሁሉ ይልቅ የተረጋገጠው ይህ ነው።

ያመኑት ሰዎች እነማን ነበሩ ቢሉ፥ ሐዋርያው በምዕራፍ 1 ከቍጥር 26 ጀምሮ ያስታውሳቸዋል፤ በዓለም ዘንድ ጥበበኞች፥ ኃያላንና ባለ ትውልድ የሚባሉት ከመካከላቸው ጥቂቶች እንደ ነበሩ ይነግራቸዋል። ጥቂቶች አለ እንጂ የሉም አላለም። እንግዲያስ ባለጠጋና ድኻ፥ ጌታና ባሪያ፥ አይሁዳዊና አሕዛባዊ በአንድ ቤት ተሰብስበው ነበር። በዚያ ከተማ በሌላ ስፍራ እንዲህ ያለ ጉባኤ በቀላሉ አይገኝም ነበር። ክብሩም ይህ ነበር፤ ፈተናውም ይህ ነበር።

ስለ ማዕዱ

ጳውሎስ በኤፌሶን ሳለ፥ በ54 ወይም በ55 ዓመት ገደማ፥ ከቀሎዔ ቤተ ሰዎች ክፉ ወሬ ሰማ። ምእመናን በመምህራን ስም ተከፋፍለው አንዱ የጳውሎስ ወገን ነኝ፥ ሌላው የአጵሎስ፥ ሌላው የኬፋ ወገን ነኝ ይሉ ነበር። ወንድም ወንድሙን በአሕዛብ ዳኛ ፊት ይከስ ነበር። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሐዋርያውን ያሳዘነው የጌታ እራት ነገር ነው።

በዚያ ዘመን ክርስቲያኖች ለብቻው የታነጸ ቤተ ክርስቲያን አልነበራቸውም፤ ሰፊ ቤት ባለው ወንድም ዘንድ ይሰበሰቡ ነበር። የሮሜ መልእክት ምዕራፍ 16 ቍጥር 23 ጋይዮስ የተባለ ሰው ቤተ ክርስቲያንን ሁሉ በቤቱ ይቀበል እንደ ነበረ ይናገራል። እንደ ሮማውያን ልማድ በባለጠጋ ቤት የመብል አዳራሽ ሦስት ድንክ አልጋ ይዘረጋ ነበር፤ በየአልጋውም ሦስት ሰው ጋደም ብሎ ዘጠኝ ሰው ይበላበት ነበር። ከዚያ የተረፈው እንግዳ በቤቱ መካከል ባለው ግቢ ይቀመጥ ነበር። በዚያም ላይ ለእንግዳ ሁሉ አንድ ዓይነት መብል ማቅረብ የተለመደ አልነበረም። ፕሊንዮስ የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ ስለ አንድ ባለጠጋ ሲነቅፍ፥ ለራሱና ለጥቂቶች መልካሙን፥ ለቀሩት ተራውን መብልና ወይን ሲያቀርብ እንዳየው ጽፏል።

እንግዲህ በቆሮንቶስ የሆነውን ከዚህ መገመት ይቻላል። እሑድ በሕግ የዕረፍት ቀን የሆነው በ321 በንጉሥ ቈስጠንጢኖስ ትእዛዝ ነው፤ በጳውሎስ ዘመን ግን የሥራ ቀን ነበር። ሥራ የማያስቸኵላቸው ባለጠጎች ቀድመው መጥተው ይበላሉ፤ ባሪያውና የቀን ሠራተኛው ደክሞ ሲደርስ ማዕዱ ተነሥቷል። በምዕራፍ 11 ቍጥር 21 እንደምናነበው አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክር ነበር። በአንድ ጌታ ስም በተዘረጋው ማዕድ ላይ የከተማዪቱ ማዕርግ እንደ ነበረ ተቀምጧል ማለት ነው።

ሐዋርያው የሰጠው ትእዛዝ ምንድር ነው? ከፍ ያለ ምስጢር ከተናገረ በኋላ፥ የጌታን ሥጋና ደም ነገር ካስታወሰ በኋላ፥ በቍጥር 33 የሚያዝዘው እርስ በርሳቸው እንዲጠባበቁ ነው። እነሆ፥ የክርስቲያን ምግባር በመጠበቅ ተጀመረ። የዘገየውን ወንድም የሚጠብቅ ሰው በቃሉ ምንም ሳይናገር ሁለት ነገር ይመሰክራል፤ ያ ወንድም ሳይመጣ ማዕዱ ሙሉ እንዳልሆነ፥ የራሱም ረኃብ ከወንድሙ ክብር እንደማይበልጥ። በመጀመሪያው ፍቅር፥ በሁለተኛው ትሕትና ተገለጠ።

ስለ ፍቅር የተጻፈው ምዕራፍ

ምዕራፍ 13ን ብዙ ሰው እንደ ውዳሴ ያነበዋል። እውነትም ያማረ ነው፤ ነገር ግን ከፊትና ከኋላ ካሉት ምዕራፎች ጋራ ሲነበብ ለታመመ ሰው የታዘዘ መድኀኒት እንደ ሆነ ይታያል። ፍቅር ቅንዓት የለበትም ሲል፥ በምዕራፍ 3 ቅንዓትና ክርክር በመካከላቸው እንዳለ አስቀድሞ ነግሯቸዋል። ትዕቢትን ሲከለክል፥ በምዕራፍ 4፥ በምዕራፍ 5 እና በምዕራፍ 8 ስለ መታበያቸው ወቅሷቸዋል። የራስን ጥቅም አለመሻትን ሲያነሣ፥ ለጣዖት የተሠዋውን ሥጋ እየበሉ የደካማውን ወንድም ሕሊና ያቈሰሉትን ሰዎች ያስባል። በደልን ስለ መቍጠር ሲናገር በምዕራፍ 6 በዳኛ ፊት የሚካሰሱት ይሰሙታል። በዐመፅ ደስ መሰኘትን ሲነቅፍ፥ በምዕራፍ 5 ነውረኛውን ሰው በመካከላቸው ይዘው ያላዘኑት ያፍራሉ።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። የቆሮንቶስ ሰዎች ጸጋ የጐደላቸው አልነበሩም፤ ጳውሎስም በምዕራፍ 1 ቍጥር 7 ይህን ይመሰክርላቸዋል። ትንቢት ነበራቸው፥ ልሳን ነበራቸው፥ ዕውቀት ነበራቸው። የጐደላቸው ጸጋውን ለወንድም ጥቅም የሚያውሉበት ልብ ነው። ስለዚህም ሐዋርያው በምዕራፍ 12 የአካልን ምሳሌ አመጣ፤ ደካማ መስሎ የሚታየው ብልት የግድ የሚያስፈልግ እንደ ሆነ አስተማረ። የማኅበር ሁሉ ሚዛን ይህ ነው። መልካም ድምፅ ያለው ዘማሪ፥ አንደበተ ርቱዕ ሰባኪ፥ ገንዘብ የሚሰጥ ባለጠጋ በአንድ አጥቢያ ሊበዙ ይችላሉ፤ ከደጅ የቆመው ሰው ግን ወንድም መሆኑን ካልተሰማው አካሉ ታሟል።

ስለ ኀዘኑና ስለ ምጽዋቱ

መጀመሪያው መልእክት ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ አላስተካከለም። በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 2 እና ምዕራፍ 7 እንደምናየው ጳውሎስ በብዙ እንባ ሌላ መልእክት ጻፈላቸው፤ ከላከም በኋላ ተጨነቀ፤ መልስ የያዘውን ቲቶን ለመገናኘትም ከአገር ወደ አገር ተሻገረ። ቲቶ በመቄዶንያ ተገናኘውና ሰዎቹ እንዳዘኑ፥ ኀዘናቸውም ወደ ንስሐ እንዳደረሳቸው ነገረው። ተግሣጽ በመቀበል የተገለጠው የቆሮንቶስ ምግባር መጀመሪያው ይህ ነው። ሐዋርያውም በምዕራፍ 2 የተቀጣው ሰው ከኀዘን ብዛት እንዳይዋጥ ይቅር ይሉት ዘንድ ለመናቸው። ተግሣጽ ያለ ይቅርታ እንዳይቀር፥ ይቅርታም ያለ ተግሣጽ እንዳይቀድም፥ በዚህ ሥርዓት ታየ።

ሁለተኛው ፈተና የገንዘብ ነበር። ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉ ድኾች ከአሕዛብ አብያተ ክርስቲያናት ምጽዋት ይሰበስብ ነበር። ሥርዓቱን በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 16 አዘዘ፤ እያንዳንዱ በየሳምንቱ በመጀመሪያው ቀን እንደ አቅሙ እየለየ በቤቱ እንዲያስቀምጥ፥ ገንዘቡንም የሚያደርሱትን ሰዎች ራሳቸው እንዲመርጡ። በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ደግሞ ገንዘቡን ብቻውን ለመያዝ እንዳልፈለገ ይገልጣል፤ በአብያተ ክርስቲያናት የተመሰገኑ ወንድሞች አብረውት እንዲሆኑ አደረገ፤ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት የጠራ እንዲሆን ነው። ሐዋርያ ሳለ ራሱን ከጥርጥር እንዲህ ከጠበቀ፥ የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ የያዘ ሁሉ ሒሳቡን በሌሎች ፊት ማቅረብን እንደ ውርደት ሊቈጥረው አይገባም። ቆሮንቶሳውያን ዓመት ያህል ዘግይተው ነበር፤ በመጨረሻ ግን ሰጡ። የሮሜ መልእክት ምዕራፍ 15 ቍጥር 26 የመቄዶንያና የአካይያ ሰዎች ለኢየሩሳሌም ድኾች በፈቃዳቸው እንዳዋጡ ይመሰክራል፤ ቆሮንቶስም የአካይያ ዋና ከተማ ነበረች።

ሁለተኛው ተግሣጽ ከሮሜ መጣ

ከዚህ በኋላ 40 ዓመት ያህል አለፈ። ጳውሎስ በሮሜ በሰማዕትነት ዐረፈ፤ በቆሮንቶስም አዲስ ትውልድ ተነሣ። አባቶቻቸው የተማሩትን ትምህርት ልጆቹ በስም ወረሱት፤ በሥራ ግን አዲስ መማር ነበረባቸው። በ96 ዓመት ገደማ ጥቂት ደፋሮች ተነሥተው፥ ነቀፋ ያልተገኘባቸውን ቀሳውስት ከሹመታቸው አወረዱ። ወሬው እስከ ሮሜ ደረሰ፤ የሮሜም ቤተ ክርስቲያን መልእክት ጻፈችላቸው። በመልእክቱ ውስጥ የጸሐፊው ስም አልተጠራም፤ የጥንት አባቶች ግን የሮሜው ኤጲስ ቆጶስ ቀሌምንጦስ እንደ ጻፈው ይመሰክራሉ። አንባቢ ይህን መልእክት በአገራችን መጻሕፍት መካከል ከሚቈጠረው ቀሌምንጦስ ከሚባለው መጽሐፍ ጋራ እንዳያደባልቀው ይገባል፤ ስሙ አንድ ሲሆን መጽሐፉ ሌላ ነው።

መልእክቱ 65 ምዕራፍ አለው። የነውጡን ሥር ሲፈልግ የሚያገኘው ቅንዓትን ነው። ከቅዱሳት መጻሕፍት ሰባት ምሳሌ ያመጣል፤ ቃየል በአቤል፥ ዔሳው በያዕቆብ፥ ወንድሞቹ በዮሴፍ፥ የገዛ ወገኑ በሙሴ፥ አሮንና ማርያም በወንድማቸው፥ ዳታንና አቤሮን በእግዚአብሔር አገልጋይ፥ ሳኦል በዳዊት ላይ የቀኑትን ቅንዓት ይቈጥራል። ከዚያም የቅርቡን ዘመን ጠቅሶ ጴጥሮስና ጳውሎስ በቅንዓት ምክንያት የተቀበሉትን መከራ ያስታውሳል። በምዕራፍ 20 ሰማይና ምድር፥ ፀሐይና ጨረቃ፥ ባሕርም በተሰጣቸው ወሰን ጸንተው እንዴት በሰላም እንደሚኖሩ ያሳያል። በምዕራፍ 38 ብርቱው ደካማውን እንዲጠብቅ፥ ደካማውም ብርቱውን እንዲያከብር፥ ባለጠጋው ድኻውን እንዲረዳ፥ ድኻውም ጕድለቱን የሚሞላለትን ስለ ሰጠው እግዚአብሔርን እንዲያመሰግን ይመክራል። በምዕራፍ 47 ደግሞ የጳውሎስን መልእክት አንሥታችሁ ተመልከቱ ይላቸዋል። ይህ ቃል መልእክቱ በ40 ዓመት ውስጥ እንዳልጠፋ፥ በእጃቸውም እንደ ነበረ ያሳያል።

ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚነካው በምዕራፍ 54 ያለው ምክር ነው። ቀሌምንጦስ ጠበኞቹን በኀይል እንዲያባርሯቸው አልጻፈም። ከእነርሱ መካከል ክቡርና ርኅሩኅ፥ ፍቅርም የሞላበት ሰው ካለ፥ ስለ እርሱ ጠብ ከተነሣ፥ መንጋው ከተሾሙት ቀሳውስት ጋራ በሰላም እንዲኖር በገዛ ፈቃዱ ወደ ሌላ ስፍራ እንዲሄድ ይለምነዋል። እንዲህ ያደረገ ሰው ታላቅ ክብር እንደሚያገኝ፥ የትም ቢሄድ እንደሚቀበሉት ይነግረዋል። በምዕራፍ 55 ደግሞ ስለ ሕዝባቸው ራሳቸውን የሰጡትን፥ ከእነርሱም ዮዲትንና አስቴርን ይጠቅሳል፤ ከክርስቲያኖችም መካከል ሌሎችን ለመቤዠት ራሳቸውን ለባርነት የሰጡ፥ ዋጋቸውንም ተቀብለው ሌሎችን የመገቡ እንዳሉ ይናገራል። እንግዲህ ትሕትና ምን ያህል ዋጋ እንደምታስከፍል ከዚህ ይታወቃል። ስሙን በድንጋይ ላይ በሚቀርጹባት ከተማ፥ ስለ ወንድሞች ሰላም ስሙን ትቶ መሄድ እንደ ክብር ተቈጠረ።

መልእክቱን ያደረሱት ሰዎች ቅላውዴዎስ ኤፌቦስ፥ ዋሌርዮስ ቢጦንና ፎርቱናጦስ ይባሉ ነበር። የሮሜ ሰዎች የላኳቸው ከወጣትነት እስከ ሽምግልና ያለ ነውር የኖሩትን መርጠው ነው። ሌላውን ሊገሥጽ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ራሱ የተፈተነ ሊሆን ይገባል፤ የመልእክተኞቹ ኑሮ የመልእክቱ ማኅተም ነበርና።

መልእክቱ ለዘመናችን የደረሰው በብዙ ድካም ነው። በአምስተኛው መቶ ዓመት የተጻፈውና እስክንድራዊ የሚባለው ታላቅ የግሪክ መጽሐፍ ቅዱስ ይህን መልእክት ከሐዲስ ኪዳን በኋላ አስከትሎ ይዟል፤ መጽሐፉ ግን ከመጨረሻው ቅጠል ጐድሎት ነበር። ሙሉውን በ1056 ከተጻፈ መጽሐፍ አግኝቶ በ1875 ያሳተመው ፊሎቴዎስ ብርዬንዮስ የተባለ ግሪካዊ ሊቅ ነው።

ፍሬው ታየ

የተግሣጹ ፍሬ በሁለተኛው መቶ ዓመት ታየ። ሄጌሲጶስ የተባለው ጸሐፊ ወደ ሮሜ ሲሄድ በቆሮንቶስ ተቀምጦ ከምእመናን ጋራ ተጽናና፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም እስከ ኤጲስ ቆጶሱ እስከ ጵሪሞስ ዘመን በቀናች ሃይማኖት ጸንታ እንደ ኖረች ጻፈ። በ170 ዓመት ገደማ ደግሞ ዲዮናስዮስ የቆሮንቶስ ኤጲስ ቆጶስ ነበረ። ስለ እርሱ የምናውቀው የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ በአራተኛው መጽሐፉ ካቈየልን ነው።

ዲዮናስዮስ ለሮሜው ኤጲስ ቆጶስ ለሶጥር ደብዳቤ ሲጽፍ፥ የሮሜ ቤተ ክርስቲያን በየከተማው ላሉ ችግረኞችና በማዕድን ጕድጓድ ለሚደክሙ እስረኞች ወንድሞች ርዳታ ስለ ላከች ያመሰግናል። ከዚያም በጌታ ቀን የእነርሱን ደብዳቤ እንዳነበቡ፥ ለምክርም ሁልጊዜ እንደሚያነቡት ይነግራቸዋል፤ ቀድሞ በቀሌምንጦስ እጅ የተጻፈላቸውንም መልእክት እንደዚሁ እንደሚያነቡት ይመሰክራል።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ያስብ። ያ መልእክት የቆሮንቶስን ነውር የሚናገር ነው። ቅንዓታቸውን፥ ድፍረታቸውን፥ አባቶቻቸውን ማዋረዳቸውን በግልጥ ይናገራል። ሰባ ዓመት ካለፈ በኋላ ቢቀብሩት፥ ቢያቃጥሉት፥ ጊዜው አለፈ ብለው ቢተዉት ማን ይጠይቃቸው ነበር? እነርሱ ግን በጌታ ቀን፥ በጉባኤ መካከል፥ በልጆቻቸው ጆሮ ያነቡት ነበር። ስለ ራሳቸው የተጻፈውን ወቀሳ የልጆቻቸው ትምህርት አደረጉት።

የዲዮናስዮስ ሌሎች ደብዳቤዎችም ይህን ፍሬ ያሳያሉ። ለላቄዴሞንያ ሰዎች ስለ ሰላምና ስለ አንድነት ጻፈላቸው። በጳንጦስ ላለችው ለአማስትሪስ ቤተ ክርስቲያን ከማንኛውም ውድቀት የሚመለሱትን ሁሉ በደስታ እንዲቀበሉ መከረ። ለክኖሶስ ኤጲስ ቆጶስ ለጲንጦስም በወንድሞች ላይ የማይችሉትን ከባድ ቀንበር እንዳይጭን፥ የብዙዎቹንም ድካም እንዲያስብ ለመነው። በክፍፍልዋ የታወቀችው ቆሮንቶስ ለሌሎች የአንድነት መምህር ሆነች፤ በማዕድዋ ደካማውን ያሳፈረችው፥ ለደካማው ጠበቃ ሆነች። ይህን ሥልጣን ያገኘችው በሌላ ነገር አይደለም፤ የተገሠጸችበትን መልእክት አስተካክላ ስላነበበች ነው።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

አበው ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ሲሉ ተርተዋል። ለአንድ ሰው የተነገረው ለአንድ ማኅበርም ይሆናል። በአጥቢያ ውስጥ ጠብ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይደረጋል፤ ወይም ጥፋቱ ይሸፈናል፥ ወይም ጥፋተኛው ተወግዶ ነገሩ እንደ ተፈጸመ ይቈጠራል። ቆሮንቶስ ሦስተኛ መንገድ አሳየችን፤ ጥፋቱን ማመን፥ ያጠፋውን መመለስ፥ ተግሣጹንም ለሚመጣው ትውልድ ማቈየት ነው። ይህች ምግባር ለሌሎቹ ምግባራት ሁሉ በር ናት። ወቀሳ የማይሰማ ሰው ትሕትናን ከየት ይማራል? ትሕትናን ያልተማረስ ወንድሙን በማዕድ ላይ እንዴት ይጠብቃል?

በአገራችን በየአጥቢያው ሰንበቴና ማኅበር አለ። በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ምእመናን በተራ ያዘጋጁትን ጠበል ጸዲቅ አብረው ይቀምሳሉ፤ ድኻውም ይካፈላል። ይህ ልማድ በምዕራፍ 11 ለተጻፈው ቃል ታላቅ መስክ ነው። በዚያ የተቀመጠ ሁሉ ራሱን ይጠይቅ፤ ማዕዱ ሲባረክ ያልደረሰው ማን ነው? በምን ምክንያት ቀረ? የተሻለው እንጀራና ጠላ ወደ ማን ቀረበ? ተራው ደርሶ ማዘጋጀት ያልቻለውን ድኻ እንዳያፍር ማን በስውር ረዳው? ጸበኛውስ ከጸበኛው አጠገብ ሲቀመጥ ማን አስታረቃቸው? የሙዳየ ምጽዋቱ ሒሳብ በሁሉ ፊት ተነበበ ወይ? የቆሮንቶስ መልእክት የሚመረምረን በእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

ቅዳሴ በተቀደሰ ቍጥር ዲያቆኑ ወደ ሕዝብ ዘወር ብሎ ከጳውሎስ መልእክት ያነባል። ለቆሮንቶስ የተጻፈው ተግሣጽ ተራው ደርሶ ሲነበብ፥ በሩቅ አገር ስለ ነበሩ ሰዎች የሚነገር ወሬ አድርገን እንዳንሰማው እንጠንቀቅ። እነርሱ ለራሳቸው የተጻፈውን ሳይሰውሩ ስለ ጠበቁት ወደ እኛ ደረሰ፤ እኛም እንደ ተቀበልነው ለልጆቻችን እናስረክበው። አምላከ ጳውሎስ ወቀሳውን የምንሰማበትን ጆሮ፥ ወንድማችንንም የምንጠብቅበትን ልብ ይስጠን፤ አሜን።